በሰልዋ ስም የተሞላው ጀሪካን

ሰላሀዲን ሸፊቃን መጀመሪያ ባያት ቀን ፒያሳ ውሃ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ነበር። እሷ አራት ትናንሽ ባዶ ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ አስራ፣ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ትመጣለች። ሰላሀዲን ወርቅ ሠሪ ነው። ዓይኑ ሲደክም ከሥራ ክፍሉ ወጥቶ ደጃፍ ይቆማል፤ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያያል። አይቶ ዝም ማለት ግን አልፈጠረበትም።

«እህቴ፣ ወደ ላይ አትድከሚ። ቦቴው የቆመው እታች ነው» አላት።

ሴትየዋ ቆመች። ዕድሜዋ ከእሱ ብዙ አይርቅም። ሻሿን በጥንቃቄ ጠምጥማለች፤ ጫማዋ ግን ብዙ መንገድ የተሄደበት ነው።

«ውሃ አይደለም የምፈልገው።»

«ታዲያ ጀሪካኑ ለምንድን ነው?»

«ለሽንት» አለችው፣ ሰዓት ጠይቋት እንደመለሰችለት ሁሉ።

ከውስጥ፣ አብሮት የሚሠራው ኑሪ የያዘውን እሳት አጠፋ። እየሳቁ ወርቅ ማቅለጥ አይቻልም። ሰላሀዲን «ይቅናሽ» አላት።

ይቅናሽ ያላት ሴት የምትፈልገው የእሱን ቤት ሆኖ ተገኘ። የወይዘሮ መይሙናን ቤት ጠየቀች፤ እዚያ ሰልዋ የምትባል ልጅ ባለፈው ሳምንት ወልዳለች። ወይዘሮ መይሙና የሰላሀዲን እናት ናቸው፣ ሰልዋ ታናሽ እህቱ። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አንድ ወር ጅቡቲ፣ ሦስት ቀን አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ የታረሰችው እናቷ ቤት ነው። ሰላሀዲን ጀሪካኖቹን ከሴትየዋ ትከሻ ተቀብሎ መንገድ መራ። ሰፈርተኛው ወርቅ ሠሪው ጀሪካን ተሸክሞ ሲያልፍ አይቶ ቦቴው ቦታ የቀየረ መስሎት ነበር፤ ሁለት ሴቶች እስከ አጥሩ ድረስ ተከትለዋቸዋል።

ሸፊቃ ዶክተር ናት፤ ግን መድኃኒት ከሚያዙት ሳይሆን ጥያቄ ከሚጠይቁት ወገን። አምስት ኪሎ አንድ የምርምር ቢሮ አላት። በእርግዝናቸው ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር የታየባቸው ሁለት መቶ አስር የአራዳ ሴቶችን ትከታተላለች። ሰልዋ ግፊት ነበራት፤ ሁለት መቶ አራተኛዋ ናት።

«እርጉዟ ስትገላገል ግፊቱም አብሮ ይወርዳል» ብላ ነበር ያን ቀን ለወይዘሮ መይሙና ያስረዳችው። «ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ኩላሊቷን ግን ማንም ደህና ነህ ወይ አይለውም። እኔ የምጠይቀው እሱን ነው።»

ለሰልዋ ደግሞ የአሰባሰቡን ሥርዓት ነገረቻት። ጠዋት ስትነሺ የመጀመሪያውን ትደፊዋለሽ። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ጠብታ ሳታስቀሪ፣ እስከ ነገ ጠዋት እዚህች ጀሪካን ውስጥ። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ አሁን፣ በስድስተኛው ሳምንትና በአስራ ሁለተኛው።

«ካመለጠሽ ንገሪኝ» አለች በመጨረሻ። «የሚያናድደኝ ማምለጡ አይደለም። አምልጦሽ ዝም ማለትሽ ነው።»

ሰላሀዲን ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ወደ ሥራው መመለስ ነበረበት፤ ግን ሰውየው ያን ቀን የወላዷ ጤና እጅግ አሳስቦት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሸፊቃ ግፊት ልትለካ በመጣች ቁጥር ሰላሀዲን ቤት የረሳው ነገር አለ። አንድ ቀን መነጽሩን፣ አንድ ቀን ቁልፉን፣ አንድ ቀን ደግሞ ምን እንደረሳ ራሱ ረስቶት ተገኘ። ኑሪ ይህን ሁሉ ቆጥሮ ይዟል።

«ሰላሁ፣ የወለደችው እህትህ ናት፤ አራስ የሆንከው አንተ» ይለው ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ሸፊቃ ጀሪካኑን ተቀብላ ስትወርድ ዝናብ መጣና የሥራ ክፍሉ ደጃፍ ተጠለለች። ጀሪካኑን በጥንቃቄ ግድግዳ ሥር አስቀመጠችው፤ ኑሪም በጥንቃቄ ራቀላት። ወርቅ እንዴት እንደሚፈተን ጠየቀች። ሰላሀዲን ጥቁሯን መፈተኛ ድንጋይ አወጣ፣ አንድ ቀለበት አሸት አድርጎ መስመር አሠመረባት፣ በላዩ አሲድ አንጠበጠበ። መስመሩ ከቀረ ወርቅ ነው፤ ከጠፋ የሆነ ሰው ተታልሏል።

«የእኛም ሥራ ያው ነው» አለች። «እናንጠባጥባለን፣ ቀለሙን እናያለን።»

ከጠረጴዛው በላይ በሚስማር የተደረደሩትን ትናንሽ ፖስታዎች አየችና ምን እንደሆኑ ጠየቀችው። የደንበኞች ወርቅ ነው አላት። እዚህ ክፍል አንድ ሕግ አለ፦ ሰው አሮጌ ወርቁን ይዞ ሲመጣ፣ ያ ወርቅ ስሙ በተጻፈበት ፖስታ ይገባል፣ ለብቻው ይቀልጣል፣ ለብቻው ይሠራል። የአንዷ የእናቷ ጉትቻ ከሌላዋ ሀብል ጋር አንድ ጊዜ ከተቀላቀለ ማንም መልሶ አይለየውም። ሸፊቃ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ረዘም አድርጋ አየችው። ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱም አላስተዋሉም። ያስተዋለው ኑሪ ነው፤ እሱም አልተናገረም፣ ማለፊያ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሁለቴ ኬክ ቤት ተገናኙ። እሱ ማኪያቶው ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል፣ ከዚያ አንድ ሊትር ውሃ ያዛል፣ ከዚያ ሌላ። እሳት ፊት የሚውል ሰው ውሃ ይጠማዋል። ዶክተር መሆኗን ካወቀ ወዲያ የጀመሩት «እርስዎ» መባባል እዚያ ቀረ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ እሱ እሷ ናት ይላል፣ እሷ እሱ ነው ትላለች።

ለምን ኩላሊት እንደመረጠች የነገረችውም እዚያ ነው።

«እናቴ እኔን ስትወልድ ግፊት ነበራት። ወለደች፣ ወረደላት፣ ደህና ነሽ ብለው ሸኟት። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሽንቷን ያየላት የለም። ማትሪክ የተፈተንኩት እሷን ኩላሊት እጥበት እያመላለስኩ ነው። ውጤቴ ሲወጣ አልነበረችም።»

ሰላሀዲን የስኳሩን ዕቃ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ሸፊቃ ስኳር አትጠቀምም፤ ግን የዚያን ቀን አንድ ማንኪያ ጨመረች።

አስራ ሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነበር። ሰልዋ ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ መሰብሰብ ጀመረች። ሰላሀዲን ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ጀሪካኗን አጥሩ ላይ አያት፤ ታጥባ፣ በበረኪና ተፈትጋ፣ አፏን ደፍታ ፀሐይ እየሞቀች ነው።

ወይዘሮ መይሙና አልደበቁም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ጀሪካኗ ከአልጋው ሥር፣ መስገጃቸው ከአልጋው አጠገብ። ሁለቱን ዙር አላህ ይቅር ይበለኝ ብለው ችለውት ነበር። በዛሬው ሱብሂ ግን ሲሰግዱ ግንባራቸው ከክዳኑ አንድ ክንድ አልራቀም። ተነሡና ደፉት።

«ነጃሳ ፊቴ አስቀምጬ ስሰግድ፣ ወደ ማን ነው የምሰግደው?» አሉት። ጀሪካኗ ዳግም ከቤት እንዳትገባም ማሉ።

ሰልዋ ልጇን እያጠባች ነበር። ለዶክተሯ ደውዬ እነግራታለሁ አለች። ሰላሀዲን ግን ቆይ አላት። ቆሞ አሰበ፤ ባያስብ ይሻል ነበር። ቢነገራት ሸፊቃ አትቆጣም። ግን ሳምንቱ ነገ ያልቃል፤ ሦስተኛው ካልተሟላ ሰልዋ ከጥናቱ ትወጣለች። ሰልዋ ከወጣች ደግሞ ሸፊቃ በዚህ መንገድ የምታልፍበት ምክንያት አይኖርም። ኬክ ቤት ልትመጣ ትችላለች፣ ላትመጣም ትችላለች፤ ጀሪካኑ ግን እርግጥ ነበር። ከዚያ የሚከተለው ሐሳብ መጣለት፦ ሰልዋ ደህና ናት፤ እኔም ደህና ነኝ፤ የደህና ሰው ሽንት ከደህና ሰው ሽንት በምን ይለያል?

«ተይው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አላት። ሰልዋ እሱ ራሱ የሚነግራት መሰላት።

ጀሪካኗን ከአጥሩ አነሣና ይዟት ሥራ ገባ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሥርዓቱን አንድም አላጓደለም። ከእንቅልፉ ሲነሣ የመጀመሪያው ቤት ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲያ ጠብታ አልባከነም። አስር ሰዓት ሳይሆን ጀሪካኗ ሞላች። ሰላሀዲን ይህን እንደ ጉብዝና ቆጠረው፤ ወጣ ብሎ ሁለተኛ ጀሪካን ገዛና ያን ሌሊት እዚያው አደረ።

ኑሪ ይህን ሲያይ ቆይቶ «ወንድሜ፣ አንተ ሰው አይደለህም፣ ቦቴ ነህ» አለው። «ለነገሩ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ አይሃለሁ። ሁለት ቀለበት ሳትጠግን ሦስቴ ትወጣለህ።»

ሐሙስ ጠዋት ሸፊቃ መጣች። ደጃፍ ላይ ጠብቆ ሁለቱን ጀሪካኖች ሰጣት። በሁለቱም ላይ በራሱ እጅ «ሰልዋ» ብሎ ጽፏል።

«ሁለት?» አለች።

«ውሃ ትወዳለች።»

«ታጠባለች፣ ልክ ነው» ብላ መዝገቧ ላይ አሰፈረች። ስትጽፍ ጎንበስ ያለችበትን አኳኋን ሲያይ የሁለቱን ጀሪካኖች ክዳን እንደገና አጠበቀ። 

ሰኞ ረፋዱ ላይ ሳትደውል መጣች። እንደ ወትሮው አልተቀመጠችም። ሰልዋን በስልክ ማስደንገጥ እንዳልፈለገች ነገረችው። ሁለቱ የፊተኞቹ ውጤቶች እየወረዱ መጥተው ነበር፤ ሦስተኛው ግን ተገልብጧል። ፕሮቲን በብዛት እየወጣ ነው፣ ስኳርም አለበት። ሰልዋ ዛሬውኑ ሆስፒታል መተኛት አለባት።

«የሚሰጣት መድኃኒት ከጡት ወተት ጋር አይሄድ ይሆናል» አለች። «ሕፃኑን ጡት ማስጣል ሊኖርባት ይችላል። አንተ አብረኸኝ ብትሆን ይቀላታል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ኮቱን ለበሰና ወጣ። መጀመሪያ የሆስፒታሉን ወረቀት ከቢሮዋ ለመውሰድ ዳገቱን ቁልቁል ወረዱ። እሷ ትናገራለች፤ ሰልዋ ገና ሃያ አራት ዓመቷ እንደሆነ፣ ቶሎ በመገኘቱ ዕድል እንደሆነ፣ እንዲህ ያለውን አስቀድሞ ለመያዝ እንደሆነ ሦስት ዓመት የደከመችው። በየቃሉ መሃል እየደነገጠች እንደሆነ ያስታውቃል። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ሲደርሱ ሰላሀዲን ቆመ። ታክሲ ረዳቱ ይጮሃል፣ ካልሲ ነጋዴው ይጮሃል።

«የሰልዋ አይደለም» አላት።

«ምኑ?»

«ጀሪካኑ። የእኔ ነው።»

ሸፊቃ የድልድዩን አጥር ያዘች። ያልጠበቀው እዚህ ላይ ነው፤ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ጠየቀችው።

«ሁለቱም የአንተ ነው?»

«ሁለቱም።»

«የመጀመሪያውን ደፍተሃል?»

«ደፍቻለሁ።»

«በመሃል የቀረ አለ?»

«የለም። ጠብታ አላስቀረሁም።»

ከሁለት መቶ አስር ሴቶች ጥናት ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ ተሟልቶ የተሰበሰበው የአንድ ወንድ ሆነ። ነገሩ የገባት ያኔ ነው፤ ክሬአቲኒን የሚሉት፣ ከጡንቻ ብዛት ጋር የሚጨምረው ቁጥር አምሳ ኪሎ ለምትመዝን ሴት እጥፍ ሆኖ ወጥቶ ነበር። ስህተት ነው ብላ አስባ፣ በፕሮቲኑ ድንጋጤ አልፋዋለች።

«የአንዱን ደንበኛ ወርቅ ለሌላው ሰጥተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«አላውቅም።»

«አሁን ሰጥተሃል።»

ለምን እንዳደረገው ሊነግራት አፉን ከፈተ። እናቱን ሊያነሳ ነበር፣ ተወው። «እንዳትቀሪ ፈርቼ ነው» አላት። ያለው እሱን ብቻ ነው። ሸፊቃ አላየችውም፤ ውሃ የሌለበትን የወንዙን አልጋ ነበር የምታየው።

ከዚያ በቅርብ ያለው ኬክ ቤት ይዛው ገባች። አስተናጋጁ እንደ ለመደው ማኪያቶውን ሊያመጣ ሲል በእጇ ከለከለችው። ከቦርሳዋ ትንሿን የስኳር መለኪያ አወጣች። እጅህን አምጣ አለችው። በሦስት ወር ውስጥ እጁን ስትይዘው የመጀመሪያዋ ነው፤ የያዘችውም ልትወጋው ነው። ሰላሀዲን ግን፣ ሰው ይታዘበው፣ ደስ አለው። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። ደሙን ወስዳ መለኪያው ቁጥሩን እስኪያወጣ አምስት ሰከንድ ጠበቁ፣ እጁን አልለቀቀችም። ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት። ያኔ ለቀቀችው።

«ስኳር አለብዎት» አለች። «ኩላሊትዎንም ነክቶታል። ዛሬውኑ ወደምልክዎ ሐኪም ይሂዱ፤ ለነገ አያሳድሩት።»

ሰላሀዲን ከስኳሩም ከኩላሊቱም በፊት የሰማው «እርስዎ» መባሉን ነው።

ሸፊቃ ያን ቀን ወይዘሮ መይሙና ቤት ብቻዋን ሄደች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሰልዋም የወንድሟን ሥራ ያን ጊዜ አወቀች። ወይዘሮ መይሙና ሲሰሙ መጀመሪያ ለልጃቸው አለቀሱ፣ ቀጥሎ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ወደ ሸፊቃ ዞሩ።

«የደፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል። ግን ልጄ፣ እናንተ ስትመጡ ሰበሰብሽ ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ እንጂ የት ታስቀምጪዋለሽ አላላችሁም። አንድ ክፍል ቤት ነው። እኔስ የት ልስገድ?»

ሸፊቃ መዝገቧን ከፍታ ቁጭ አለች። ከሁለት መቶ አስሩ ውስጥ አምሳ የሚሆኑት አንድ ሁለቴ በተባሉበት ቀን ሳያመጡ ቀርተዋል፤ ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ «ቸልተኝነት» ብላ ስትጽፍላቸው ሦስት ዓመቷ ነው። በዚያው ቀን እሳቸው ፊት ሰረዘችው።

የሰልዋ ትክክለኛ ሽንት ከሁለት ቀን በኋላ ተመረመረ። ንጹሕ ነበር፤ ሕፃኑም ጡቱን አልተነጠቀም። ግን ሳምንቱ አልፏል፤ በሁለት መቶ አራተኛው ስም ላይ መስመር ተሰመረ። ቢሮው ደግሞ ቤት ለቤት የተሰበሰበው ሁሉ እንደገና ይጣራ አለ። ሸፊቃ ሁለት መቶ ዘጠኝ በሮች እንደ አዲስ ልታንኳኳ ወጣች። በወይዘሮ መይሙና በር ግን የምትመጣበት ጉዳይ አልነበራትም። ሰላሀዲን እንዳትቀር ብሎ ያደረገው ነው ያስቀራት።

ሐኪሙ ለሰላሀዲን ሳይሸፋፍን ነገረው። ኩላሊቱ ተጎድቷል፣ ገና መጀመሪያ ላይ ነው። መድኃኒቱን ከወሰደ፣ ስኳሩን ከያዘ፣ ባለበት ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሊቆይ ይችላል እንጂ ይቆያል አላለውም። ሰላሀዲን ሕይወቱን በሚሊግራም ሲመዝን የኖረ ሰው ነውና ልዩነቱ ገባው። ሦስቱን ማንኪያ ስኳር ተወ። ኑሪም ከጓደኝነት ብዛት የራሱን ተወና ለአንድ ወር ፊቱን አኮማትሮ ሠራ።

ለሸፊቃ አልደወለም። ይቅርታ በስልክ ቀላል ነው ብሎ አሰበ። ደግሞስ ምን ይላታል? እናቷን በዚሁ በሽታ ላጣች ሴት፣ ያንኑ በሽታ ይዤልሽ መጣሁ ይበላት?

እናቱ ግን አንድ ነገር አሉት። ጀሪካኑ ቤት ውስጥ አይሁን እንጂ ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ተዘግቶ ቢንጠለጠል እሳቸው ጠብ የላቸውም። ሰላሀዲን ለሁለት ቀን ወርቁን ትቶ ቆርቆሮ ቆረጠ። ጀሪካኗን ልክክ አድርጎ የሚይዝ ሳጥን ሠራ፤ ውስጡ እንዳይሞቅ ፎም አለበሰው፣ በላዩ ማንጠልጠያ፣ በፊቱ ስም መጻፊያ። ኑሪ ጎን ቆሞ ይመለከታል።

«አባቶቻችን ለሙሽራ ነው የሠሩት። እኛ ለጀሪካን» አለ። ያም ሆኖ ማጠፊያውን የበየደው እሱ ነው።

ሳጥኑን ሰልዋ ልጇን አዝላ አምስት ኪሎ አደረሰችው። ማን ሠራው አላለችም ሸፊቃ። የብየዳውን መስመር በጣቷ ሄደችበት፤ እንደ ሀብል መጋጠሚያ የተለሰነ ነው። ቆርቆሮን እንዲህ የሚያከብር ቆርቆሮ ሠሪ የለም። ሠላሳ ይሠሩልኝ ብላ ብቻ ላከች። ሁለት ወር ሙሉ የሥራ ክፍሉ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ሸተተ። ሳጥን የተንጠለጠለባቸው ቤቶች ጀሪካናቸውን ሞልተው መመለስ ጀመሩ። ይህን ሰላሀዲን የሰማው ከሰልዋ ነው፤ ሰልዋ ደግሞ ሳትጠየቅ የማትናገር ልጅ አልነበረችም።

በስድስተኛው ወር ሐኪሙ ለሰላሀዲን የሃያ አራት ሰዓት ሽንት አዘዘ። አሁን አንድ ጀሪካን በቃው፤ አልሞላችም እንዲያውም። ጠዋት አሽጎ በሳጥን ይዞ ወደ አምስት ኪሎ ሲያቀና፣ ሸፊቃ ባዶ ጀሪካኖቿን ተሸክማ ቁልቁል ትመጣለች። ድልድዩ ላይ ተገናኙ።

ሳጥኑን አየች። በፊቱ የተጻፈውን ጎንበስ ብላ አነበበች። «ሰላሀዲን። የተጀመረው፦ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት። ያመለጠ፦ አንድ ጊዜ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ።»

«አንድ ጊዜ አምልጦሃል» አለች።

«አዎ። እንደገና ልጀምረው?»

ሸፊቃ ጀሪካኖቿን መሬት አስቀመጠች። ሰላሀዲን ግን «አምልጦሃል» መባሉን ሰምቷል፤ አላመነም እንጂ።

«ስንት ዓመት እንዳለኝ አላውቅም፣ ሸፊቃ» አላት። «ዶክተሩም አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን አልነግረውም ነበር።»

«ቁጥሮችህን ከአንተ በፊት ያየኋቸው እኔ ነኝ» አለችው። «አላውቅም ነበር እንዳልል። ደግሞ እኔም የምነግርህ አለኝ። ኬክ ቤት ሁለት ሊትር ውሃ ስትጠጣ ፊት ለፊትህ ተቀምጫለሁ። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚለየውን አላየሁም።»

«ለምን?»

«ሌላ ነገር እያየሁ ነበር።»

ካልሲ ነጋዴው ሁለቱን ሰዎች፣ አራቱን ጀሪካኖችና ሳጥኑን አይቶ መተላለፊያ ልቀቁ አላቸው። አልለቀቁም።

ሽማግሌ ሲላክ የሸፊቃ አባት አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ልጁ ታማሚ ነው ይሉኛል አሉ። ሸፊቃ አዎ፣ ያገኘሁበት እኔ ነኝ አለቻቸው። አባቷ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የሚስታቸው ፎቶ አዩ። «አንቺ ቀድመሽ አይተሽለታል» አሉ። «ለእሷ ግን ቀድሞ ያየላት አልነበረም።» ከዚያ ሌላ አልጠየቁም።

የኒካሁ ቀን ሼሁ እንደ ሥርዓቱ መህሯን፣ ከሙሽራው የሚሰጣትን ጥሎሽ፣ ጠየቁ። ሙሽራዋ ሁለት ነገር ላከች። አንዱ ሰላሀዲን በገዛ እጁ የሠራት ቀለበት። ሁለተኛው፣ በየሦስት ወሩ፣ በሕይወት እስካሉ ድረስ፣ ጠብታ ያልጎደለበት የሃያ አራት ሰዓት ሽንት።

ሼሁ እንደገና አስጠየቁ። ያው መልስ መጣ። ወይዘሮ መይሙና አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ልጆቼ፣ ነጃሳ መህር አይሆንም» አሉ ሼሁ።

ሸፊቃ በአባቷ በኩል መልስ ላከች፦ የምፈልገው ሽንቱን አይደለም፤ ውጤቱን ነው። ሼሁ ጺማቸውን ይዘው አሰቡበት። ውጤት ወረቀት ነው፤ ወረቀት ንጹሕ ነው፤ ጥቅምም አለው። ቀለበቱን መህር አድርገው ሁለተኛውን ከሥሩ እንደ ቃል ኪዳን አስጻፉት። ኑሪ ምስክር ሆኖ ፈረመ፤ ሳቁን አምቆ በሩ ድረስ መድረስ ችሏል።

አሁን የሁለቱ ቤት ክፈፍ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ተንጠልጥሏል። በየሦስት ወሩ ስሙን የምትጽፍበት እሷ ናት፤ ሰዓቱን የሚጽፈው እሱ። ሰላሀዲን ጠዋት ሲነሣ የመጀመሪያውን ይደፋዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን አያስቀርም፤ ካመለጠውም ይናገራል።